አንገቴ ላይ የወጣው እጢ ስሙን እስኪያገኝ

አንገቴን የለካሁት ለራሴ ቀሚስ ነበር። ኅዳር 2011 ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሁለት ማሽን የምትይዝ ሱቅ አለችኝ። ከኅዳር እስከ ጥምቀት ለእኛ እንቅልፍ የለም። ጥልፉም ጥለቱም፣ የልጁም የአዋቂውም ልብስ የሚደርሰው በዚያ ሰሞን ነው። የደንበኞቼ ሥራ ሲገፋልኝ አንድ ማታ ለራሴም ልቁረጥ ብዬ ሜትሩን አንገቴ ላይ አዞርኩ። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዬ በታች ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ ጣቴ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የባቄላ ፍሬ ያህላል። ስጫነው ያማል። ከሥሩ ሌላ ትንሽ አለ።

ይህን የምጽፈው ያኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በአማርኛ ፈልጌ ስላጣሁ ነው። ስለ አንገት እጢ ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ወይ ቲቢ ወይ ካንሰር ነበር። የእኔ ሁለቱም አልነበረም። ይህን ለማወቅ ግን ሦስት ወር ገደማ ፈጀብኝ። በመካከሉ የማያስፈልገኝን መድኃኒት ዋጥኩ፤ ከሌላ መድኃኒት ደግሞ ለጥቂት ተረፍኩ።

ለእማዬ አሳየኋት። ነካ ነካ አደረገችውና «ንፍፊት ነው፤ የሆነ ቦታ ቆስለሻል» አለችኝ። ነገሩ ስህተት አልነበረም። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ፣ ጥርስ ሲመግል አገጭ ሥር ንፍፊት ይወጣል። በሰውነታችን ውስጥ ወደ 600 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ትንንሽ እጢዎች አሉ። ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ ይሏቸዋል። ጀርም ሲገባ እዚያ ተይዞ ውጊያ ይካሄዳል፤ እጢው የሚያብጠውም ለዚህ ነው። እኔ ጣቴን መርፌ ወግቶኝ ስለነበር በእሱ አሳበብን። ኋላ ትልቁ ሆስፒታል ያየችኝ ዶክተር እንደነገረችኝ ግን የእጅ ቁስል ንፍፊት የሚያወጣው ብብት ሥር ነው እንጂ አንገት ላይ አይደለም።

ሳምንት ሳይሞላ ማታ ማታ ትኩሳት ጀመረኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዳማከሴ ጨምቀው አመጡ። «ምች ነው፤ ከማሽኑ ላይ ተነስተሽ ወደ ፀሐይ ስትወጪ መቶሽ ነው» አሉ። ጠጣሁት፣ ተቀባሁትም። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ግን ጋቢዬ እስኪጨመቅ ድረስ ያልበኛል። ጠዋት ተነስቼ ማሽኑ ላይ ስቀመጥ ጉልበት የለኝም። ሌላ ዘመድ ደግሞ ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አሳሹት፣ ካልሆነም ይተኮስ አለ። እማዬ እምቢ አለች። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። እጢ ታሽቶ ወይም ተተኩሶ የዳነ አላየሁም፤ የቆሰለ አይቻለሁ። በዚያ ላይ የተተኮሰ እጢ መመርመሪያውንም ያበላሻል።

የሄድኩበት የመጀመሪያ ክሊኒክ አሞክሲሲሊን ሰጠኝ። 7 ቀን ወሰድኩ። ምንም የለም። ሁለተኛው ዙር ጠንከር ያለ ነበር፤ 10 ቀን። አሁንም ምንም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ክሊኒክ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ሁላችሁም ብታደርጉት ደስ ይለኛል። የደንበኞችን ልክ በምጽፍበት ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ። ቀኑን፣ የማታውን ትኩሳት፣ የእጢውን ስፋት በሳንቲ ሜትር፣ ክብደቴን። ኅዳር 14 አንድ ተኩል ሳንቲ። ታኅሣሥ 2 ሁለት ተኩል። ታኅሣሥ 15 ሦስት፤ ከጎኑ ሦስት ሌሎች። ትኩሳት 38.4፣ 38.9፣ አንድ ሌሊት 39.2። ኋላ ዶክተሯ ከሁሉ ወረቀቴ አስቀድማ ያነበበችው ይህን ገጽ ነው።

አንቲባዮቲኩ ሳይሠራ ሲቀር በቀጭን መርፌ ከእጢው ላይ ወሰዱ። አይከብድም፤ ደም ከመስጠት ብዙም አይለይም። በዚህ መርፌ የሚወጣው ግን ጥቂት ሕዋስ ብቻ ነው። እኔ እንደ ልብስ ሰፊ ስረዳው፣ ከአንድ ቀሚስ ጥቂት ክር መዝዞ የጥለቱን ዓይነት ለመናገር እንደመሞከር ነው። አንዳንዴ ክሩ ይበቃል። አንዳንዴ ግን ጨርቁን ዘርግቶ ማየት የግድ ይሆናል። የእኔ ውጤት «የሞተ ሕዋስ ይታያል፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር።

«ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ቤታችን ሲደርስ «ነው» ሆነ።

በሐኪሞቹ አልፈርድም። በአገራችን ከቲቢ ታማሚዎች ሲሶ ያህሉ ሕመሙ ያለባቸው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የአንገት እጢ ቲቢ ዋነኛው ነው። የአንገት እጢ፣ የማታ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ይዞ የመጣን ሰው ቲቢ ብሎ መጠርጠር ትክክል ነው። ያልሆነው አንድ ነገር ነበር። ጥርጣሬው ተጨማሪ ምርመራ ሳይደረግለት ሕክምና ሆነ። ወደ ጤና ጣቢያ ተላክሁና የስድስት ወሩን መድኃኒት ጀመርኩ፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ቀሪውን አራት ወር ሁለት ዓይነት። በነፃ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ይዋጣል። ሽንት ቀይ ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ ከመድኃኒቱ ነው። የገና ጾም ስለነበር ባዶ ሆዱ አልከበደኝም። ማቅለሽለሹ ግን ከባድ ነበር።

ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል፤ ሕመሙን ያህል ጎድቶኛልና። እማዬ ለአክስቴ በስልክ «ነቀርሳ ነው አሉ» ስትል ሰማኋት። እማዬ ቲቢ ማለቷ ነው፤ በድሮው አነጋገር የሳንባ ነቀርሳ ቲቢ ነው። አክስቴ ደግሞ ካንሰር ነው የሰማችው፤ የጡት ነቀርሳ እንደሚባለው። በማግሥቱ ከአዘዞ እያለቀሰች መጣች። «እጢ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ማንኛውም ጤነኛ ሰው የያዘውን የሊምፍ እጢም እጢ እንላለን፤ ክፉ ዕባጭንም እጢ እንላለን። ስለዚህ ሐኪም «እጢ ነው» ሲላችሁ «የምን እጢ? ቲቢ ነው፣ ካንሰር ነው፣ ወይስ ገና አልታወቀም?» ብላችሁ ጠይቁ። «ገና አልታወቀም» የሚለው መልስ ያስጨንቃል፤ ግን እውነተኛ መልስ ነው።

የቲቢው ወሬ ሱቅ ደረሰ። አንዲት ደንበኛ የሰጠችኝን ጨርቅ መልሳ ወሰደች። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ የቡና ስኒዬን ለየችው። ያኔ የማላውቀውን አሁን አውቃለሁ። በእጢ ላይ ብቻ ያለ ቲቢ በስኒ፣ በልብስ፣ በትንፋሽም አይተላለፍም። በትንፋሽ የሚተላለፈው የሳንባው ነው፤ እሱም ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ማስተላለፉ ፈጥኖ ይቀንሳል። እኔ ደግሞ ጭራሽ ቲቢ አልነበረኝም። የዚያ ስኒ ነገር ግን አሁንም ትዝ ይለኛል። ቤታችሁ የታመመ ካለ እባካችሁ ስኒ አትለዩ።

ሦስት ሳምንት ወሰድኩ። ትኩሳቱ አልለቀቀኝም። እጢው ሦስት ሳንቲ ላይ ቆሟል። ወገቤ አንድ ቁጥር ጠቧል፤ በኪሎ 4 ቀንሻለሁ። በዚህ መሃል አንድ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው «ዴክሳ ልስጥሽ፣ በሦስት ቀን ያጠፋልሻል፤ ያወፍርሻልም» አለኝ። ዴክሳ የሚለው ዴክሳሜታዞን ነው፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ። ብሩን ቆጥሬ ሰጥቼው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደርሶ መልሶ ወሰደው። «ሐኪም ሳያዝ አንድም ክኒን አትውጪም» አለኝ፤ ተጣላን። እሱ ነበር ልክ። እንዲህ ያለው መድኃኒት እብጠቱን ለጊዜው ያጠፋዋል። የሊምፍ ካንሰርም ቢሆን ለጥቂት ሳምንት ያጠፋዋል። ከዚያ እጢው ቢወጣ እንኳ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ምስል ይዛባል። በሽታው ተደብቆ ጊዜ ያገኛል ማለት ነው። ቲቢ ቢሆን ደግሞ ያባብሰዋል። ስም ያልወጣለት እጢ ይዛችሁ ዴክሳም ሆነ ፕሬድኒሶሎን እንዳትነኩ።

ወንድሜ ነው ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰደኝ። የጥምቀት ሰሞን ነበር። ከፒያሳ ያለው መንገድ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ባጃጁ እየቆመ ነው የሄደው። የገባንባት ዶክተር የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበረች። አልቸኮለችም። ደብተሬን አነበበች። ከዚያ ያልጠበቅኋቸውን ጥያቄዎች ጠየቀችኝ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሁመራ ወርደሽ ታውቂያለሽ? ካላዛር የሚባለው፣ የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው በሽታ በዚያ ስላለ ነው። ድመት ቧጭሮሽ ነበር? ያልፈላ ወተት ትጠጫለሽ? ለሚጥል በሽታ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? አንዳንዱ እጢ ያሳብጣልና። መገጣጠሚያሽን ያምሻል? ፀሐይ ፊትሽን ያሳክከዋል? አፍሽ ውስጥ ቁስል ይወጣል? ከዚያ አንገቴን፣ ከትከሻ አጥንቴ በላይ ያለውን፣ ብብቴን፣ ብሽሽቴን፣ ጉበትና ጣፊያዬን ነካች። የቀደሙት ሐኪሞች አንገቴን ብቻ ነበር የነኩት።

እየነካችም አስረዳችኝ። ከአንድ ሳንቲ በታች የሆነ፣ ከጉንፋን ጋር መጥቶ በሁለት ሦስት ሳምንት የሚጠፋ ብዙ አያስጨንቅም። ከአራት ሳምንት ያለፈ፣ እያደገ የሚሄድ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ከሥሩ ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ ይመርመር። ከትከሻ አጥንት በላይ ያለው ጎድጓዳ ላይ የወጣ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ጊዜ አይሰጠውም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከታከለበትም እንደዚያው።

የኤችአይቪ ምርመራ አደረግሁ፤ የለብኝም። የደም ምርመራው ነጭ የደም ሕዋሴ ማነሱን አሳየ። እሷ እዚህ ላይ ቆም አለች። ብዙ ኢንፌክሽን ነጭ የደም ሕዋስን ያበዛል እንጂ አያሳንስም አለችኝ። ሳንባዬ በራጅ ንጹሕ ነው። «እጢውን ሙሉውን አውጥተን እንየው» አለች። «የቲቢውን መድኃኒት እኔ እስክነግርሽ አታቋርጪ።»

ፈራሁ። ቢላዋውን አይደለም። ቀኝ እጄን ነው የፈራሁት፤ እንጀራዬ ነው። ቀዶ ሐኪሙን ስጠይቀው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ጥያቄዬን ወደደው። በአንገት ጎን ወደ ኋላ፣ ትከሻን የሚያነሳ ነርቭ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ከተነካ ትከሻ ይዝላል፤ ክንድ ወደ ላይ ማንሳት ያስቸግራል። «እጢሽ ወደዚያ ስለሚቀርብ በጥንቃቄ ነው የምሠራው፤ ከጨረስኩ በኋላ ትከሻሽን ታነሺልኛለሽ» አለኝ። በዚህ ቦታ እጢ የሚወጣላችሁ ካላችሁ ይህን ጠይቁ። እጃችሁን ለሥራ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሥራችሁን ንገሩት።

ጥር 16 ተሠራልኝ። ሙሉ ማደንዘዣ አይደለም፤ ቦታው ብቻ ደነዘዘ። መጎተቱ ይሰማኛል፣ ሕመሙ አይሰማኝም። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። አራት ስፌት። ልክ እንደጨረሰ «ትከሻ» አለኝ። አነሳሁ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ነርሷ እጢውን ለሁለት ከፍላ በሁለት ብልቃጥ አድርጋ ሰጠችን። አንዱ ፎርማሊን ነው፤ ለማይክሮስኮፕ። ሁለተኛው ንጹሕ የጨው ውሃ ነው፤ ለጂን ኤክስፐርት፣ ማለት የቲቢን ዘር በማሽን ለመፈለግ። ፎርማሊን ጀርሙን ይገድለዋል። ስለዚህ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ የቲቢ ካልቸር፣ ማለት ጀርሙን አሳድጎ ማየት፣ አይቻልም፤ የማሽኑም ምርመራ ይቸገራል። እጢው ደግሞ አንዴ ወጥቷል፤ ተመልሶ አይወጣም። እኛ አገር ናሙናውን ብዙ ጊዜ ይዞ የሚሄደው አስታማሚ ነው። ወንድሜ ብልቃጦቹን ይዞ ሲወጣ ስሜ የተጻፈው በአንዱ ላይ ብቻ መሆኑን አየ። ተመልሶ አስጻፈ። እባካችሁ ከመግባታችሁ በፊት «ለቲቢም የሚሆን ይወሰድልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ስማችሁን፣ ቀኑን፣ ከየት ጎን እንደተወሰደ ብልቃጡ ላይ አንብቡ።

የጂን ኤክስፐርቱ ውጤት ቶሎ ደረሰ፤ ቲቢ አልተገኘም። የሌላው ግን ሦስት ሳምንት ተኩል ፈጀ። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለት ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም፣ የሊምፍ ካንሰር እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ተጨማሪ ምርመራ ስለፈለገ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ነበር። እነዚያ ቀናት አይነገሩም። ማታ ማታ እማዬ ድምፅዋን አፍና ስታለቅስ እሰማለሁ። የንስሐ አባቴ መጡና ጸበል እንድጠጣ ነገሩኝ። ቀጥለው ያሉትን ግን ለእማዬ ጮክ ብለው ነው ያሉት፤ «መድኃኒቷን አታቋርጥ፤ ቀጠሮዋንም አታሳልፍ፤ ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው።» ሁለቱንም አደረግሁ። ጸበል ቦታ ሄደው መድኃኒት አቁሙ የተባሉ ሰዎች ታሪክ ይነግሩኛል። እንደ እኔ ንስሐ አባት ያሉ አባት ካሏችሁ ቤታችሁ ጥሩና ከቤተሰባችሁ ጋር አነጋግሯቸው።

የካቲት 11 ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ወረቀቱን አስቀድማ አላነበበችልኝም። ወንበሯን አስጠግታ «ካንሰር አይደለም። ቲቢም አይደለም» አለች። ከዚያ ስሙን ነገረችኝ። ኪኩቺ።

ስሙ የሰው ስም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ኪኩቺና ፉጂሞቶ የሚባሉ ሁለት የጃፓን ሐኪሞች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ይህን በሽታ ጽፈው አሳወቁ። ስለዚህ ሙሉ ስሙ ኪኩቺ ፉጂሞቶ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉትን ነው፤ ይበልጡን ሴቶችን። በብዛት የሚወጣው አንገት ላይ፣ በአንድ ጎን ነው። ያማል፤ ትኩሳትና ላብ ያመጣል፤ ነጭ የደም ሕዋስ ያሳንሳል። መንስኤው ተለይቶ አልታወቀም፤ የሰውነት መከላከያ ለሆነ ቫይረስ የሚሰጠው ያልተለመደ ምላሽ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ደግሞም፣ ይህን ስትነግረኝ ነው ያለቀስኩት፣ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከአንድ እስከ አራት ወር።

ለምን ቲቢ እንደመሰለ አስረዳችኝ። ሁለቱም እጢው ውስጥ የሞተ ሕዋስ ያስቀምጣሉ። ቀጭኑ መርፌ ያወጣው ያንን ነው። ሙሉ እጢው ተቆርጦ ሲታይ ግን በቲቢ የሞተውን ክፍል ከብበው የሚቆሙ የተለዩ የሕዋስ ክምችቶች አሉ። በኪኩቺ እነዚያ የሉም። በምትኩ የሞቱትን ሕዋሳት እየለቀሙ የሚያጸዱ ሌሎች ሕዋሳት ሞልተው ይታያሉ፤ መግል የሚሠራው ነጭ የደም ሕዋስ ደግሞ ከዚያ ይጠፋል። ይህን የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል። ካልታወቀ የሊምፍ ካንሰር ተብሎ ኬሞ የተጀመረበት ሰውም በዓለም ላይ አለ። ስላይዴን ያየውን ፓቶሎጂስት በአካል አላየሁትም። ሁልጊዜ በጸሎቴ አነሳዋለሁ።

የእኔ ኪኩቺ ሆነ እንጂ ሌሎችም እንዳሉ ነግራኛለች። ካስልማን የሚባል አለ፤ በአንድ ቦታ ብቻ የወጣ ከሆነ እጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ በብዙ ቦታ ከሆነ ግን ሌላ ከባድ ሕክምና ይፈልጋል፣ ከኤችአይቪ ጋርም ሊያያዝ ይችላል። ሮዛይ ዶርፍማን የሚባለው ደግሞ በልጆችና በወጣቶች በርከት ይላል፤ የአንገቱን ሁለት ጎን ያለ ሕመም በጣም ያሳብጠዋል። ሳርኮይዶሲስም አለ፤ እሱ በተለይ ደረት ውስጥ ያሉትን እጢዎች ያሳብጣል። ሕክምናቸው ፍጹም የተለያየ ነው። ከውጭ በእጅ ሲነኩ ግን ሁሉም «የአንገት እጢ» ናቸው።

የቲቢውን መድኃኒት በዚያ ቀን አስቆመችኝ። እሷ አስቆመችኝ፤ እኔ አላቆምኩም። ይህን በደንብ ልበል፤ የእኔን ታሪክ አንብቦ የቲቢ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው እንዳይኖር። በእኛ አገር የአንገት እጢ ይዞት የሚመጣው ሰው ቲቢ የመሆን ዕድሉ ከኪኩቺ እጅግ እጅግ ይበልጣል። እውነተኛ ቲቢ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በመሃል ቢያቋርጥ ጀርሙ መድኃኒት ይለምዳል፤ ያኔ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳል። ጥርጣሬ ካላችሁ ክኒኑን እየዋጣችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። «በምን ተረጋገጠ?» ማለት ነውር አይደለም።

ለኪኩቺው የታዘዘልኝ ለሕመሙና ለትኩሳቱ ነው። አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር፤ ሲያስፈልግ ፓራሲታሞል። ሕመሙ የጠናባቸውን ወይም የቆየባቸውን ስቴሮይድ ይሰጧቸዋል፤ ልዩነቱ ያ የሚሰጠው ስሙ ከታወቀ በኋላ በሐኪም ልክ ነው። እኔ አላስፈለገኝም። ዐቢይ ጾም ሲገባ አይቡፕሮፌኑ ጨጓራ እንዳይልጥ ጠዋት ቁርስ መብላት ነበረብኝ። የንስሐ አባቴ ፈቀዱልኝ። እማዬ ሽሮ በጠዋት ትሠራልኝ ነበር።

ትኩሳቱ የካቲት መጨረሻ ላይ ተወኝ። የቀሩት እጢዎች በደብተሬ ላይ ሁለት፣ አንድ ተኩል፣ አንድ እያሉ ወረዱ። መጋቢት 19 ላይ «የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ድካሙ ግን ቶሎ አልለቀቀም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ከግማሽ ቀን በላይ ማሽን ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እጢው ሲጠፋ ጉልበት አብሮ ካልተመለሰ አትደናገጡ፤ ለሐኪማችሁ ግን ንገሩ።

ክትትሉ አልቀረም። ኪኩቺ ከያዛቸው ሰዎች ከ100 ሦስት ወይም አራቱ ላይ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ ሉፐስ ነው። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የራስን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ ከኪኩቺ በፊት፣ አብሮ ወይም ከዓመታት በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይታያል። ለዚህ ነው ስለ ፀሐይና ስለ መገጣጠሚያ ስትጠይቀኝ የነበረው። የደም ምርመራዬ በዚያን ጊዜ ምንም አላሳየም። ግን በየጊዜው ደምና ሽንት እሰጣለሁ። በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የጣት መገጣጠሚያ እብጠት፣ የአፍ ቁስል፣ አረፋ የሚያበዛ ሽንት ወይም የእግር እብጠት ካየሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድሄድ ነግራኛለች።

ለቲቢ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ የላከኝ ክሊኒክ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ለጠብ አይደለም። የውጤቱን ቅጂ ይዤ ነው። ያየኝ ወጣት ሐኪም ቁጭ ብሎ ሁለቴ አነበበው፤ ፎቶ ማንሳት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንሳ አልኩት።

የውጤቱን ወረቀት፣ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የደም ምርመራዎቹን በአንድ ክላሰር አድርጌ ይዣለሁ። እናንተም አታስቀሩት፤ በተለይ የፓቶሎጂውን ዋና ወረቀት። ከተማ ብትቀይሩ፣ እጢው ቢመለስ፣ ብታረግዙ፣ ቀጣዩ ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም። እኔ ዘንድሮም ሄጄ ነበር። ንጹሕ ነው። የቀጠሮ ወረቀቴ ደብተሩ ውስጥ አለ፤ ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ሽንት በጠዋት ይዘሽ ነይ ይላል።